የወተት ኩለር ቦርሳ በድሬ ሙቀት፦ ሥራ ለምትገባ እናት ያዋጣል?

ያዋጣል። ግን ከካርቶኑ እንደወጣ አይደለም፤ አንድ ተጨማሪ አይስ ፓክ (ፍሪዘር ውስጥ ጋግሮ ቦርሳውን የሚያቀዘቅዝ ጄል) ተገዝቶለት፣ አብሮት የሚመጣው የአጠቃቀም ወረቀትም ለድሬ አየር ተስተካክሎ ነው። ይህን የምጽፈው የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሲል እንቅልፍ ለሚነሳት እናት ነው፤ ወተቴ ይደርቅ ይሆን፣ አልቤ ባስቀምጠውስ በዚህ ሙቀት ይበላሽብኝ ይሆን እያለች ሌሊቱን ለምትገላበጥ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለወላድ የሚሰጠው ከመውለዷ በፊት 30 ቀን፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ነው። ጤና ጣቢያ ስንሄድ የሚነገረን ደግሞ ልጅ ስድስት ወር እስኪሞላው ከእናቱ ወተት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ነው። በመሀል ሦስት ወር ይቀራል። ያንን ሦስት ወር የሚሞላው ወይ የቆርቆሮ ወተት ነው፣ ወይ እናቲቱ አልባ የምታስቀምጠው ወተት። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። የምሠራው ከዚራ አካባቢ ባንክ ቤት ነው፣ ቤቴ ሳቢያን። በባጃጅ ሩቅ መንገድ አይደለም፤ ነገር ግን ወረፋው በር ድረስ ሞልቶ ሳለ ወጥቼ፣ አጥብቼ የምመለስበት ፋታ የለም።

ቦርሳውን የገዛሁት ታይዋን ገበያ፣ የሕፃናት ዕቃ ከሚሸጥባቸው ሱቆች ባንዱ ነው። 2,500 ብር ብሎኝ በ1,900 ተስማማን። የታወቀ ስም የለውም፣ የቻይና ሥራ ነው። ውስጡ እያንዳንዳቸው 150 ሚሊ ሊትር የሚይዙ አራት ጠርሙሶችና አንድ ሰማያዊ አይስ ፓክ አሉት።

«ወንድሜ፣ ይሄ ስንት ሰዓት ያቆያል?» አልኩት።

«አቦ እህቴ፣ ሙሉ ቀን ነው! ጠዋት የከተትሽውን ማታ ቀዝቃዛ ታገኚዋለሽ።»

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ነው የነገረኝ። የካርቶኑ ቁጥር ግን ለድሬ ግንቦት የተለካ አይደለም።

ዕቃው ራሱ ጥሩ ነው። ውጪው ወፍራም ግራጫ ጨርቅ፣ ውስጡ ብርማ ሽፋን፣ በመሀላቸው ጣት የሚያህል ስፖንጅ አለ። በጣም የወደድኩለት አይስ ፓኩን ነው። እንደ ጡብ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በአራቱም ጎኑ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ተደርጎ ስለተሠራ መሀል ሲቀመጥ አራቱም ጠርሙሶች ሆዳቸውን አስጠግተው ይቆማሉ። ወተቱን የሚያቀዘቅዘው ይህ መነካካት ነው። በጠርሙሱና በበረዶው መካከል አየር ከገባ ወተቱ ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ትኩስ ወተት ደግሞ ቶሎ መቀዝቀዝ አለበት።

ሥራ ከመግባቴ በፊት ወንድሜ ከጅቡቲ ባመጣልኝ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ሞከርኩት። ለሙከራው ወተት አላባከንኩም፤ ጠርሙሶቹን ከፍሪጅ በወጣ ውሃ ሞልቼ ቦርሳውን ሳሎን አስቀመጥኩት። ወሩ ግንቦት ነበር፣ ሳሎኑ ከእኩለ ቀን በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው። ካርቶኑ ውስጥ በመጣው በአንዱ አይስ ፓክ ብቻ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የገባው ውሃ እስከ ምሳ ደህና ቆየ፤ 9 ሰዓት ላይ ግን ከ15 ዲግሪ አልፎ ነበር። ሁለተኛ ሲጨመርበት 11 ሰዓት ላይም ከ10 በታች ነበር። ለእኔ ልዩነቱ ያ ነው፤ በአንዱ ከሆነ ከሰዓት በኋላ የማልበውን ወተት አላምነውም፣ በሁለቱ ግን ቤት እስክደርስ ልቤ ያርፋል።

ሁለተኛውን አይስ ፓክ ለብቻው ፈልጋችሁ ካጣችሁ፣ ወይም ገንዘቡ ከከበዳችሁ፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይበቃል። ውሃውን እስከ አፉ አትሙሉት፣ ሲጋገር ይሰፋልና ይሰነጥቀዋል። ማታ ፍሪዘር ማስገባት፣ ጠዋት ከጠርሙሶቹ ጎን መሸጎጥ ነው። በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ይቆያል፤ ሙቀቱን የሚውጠው ሲቀልጥ ነው። ልጄን ሳስከትብ ለነርሷ ብነግራት፣ ክትባት ገጠር ለገጠር የሚዞረውም በዚሁ ዘዴ ነው አለችኝ፤ በአይስ ፓክ የታጀበ፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ሳጥን። አንድ ነገር ግን አጠንክራ ነገረችኝ፦ ቦርሳውን በየሰዓቱ እየከፈትሽ አትዪው። እውነቷን ነው፣ በተከፈተ ቁጥር ቅዝቃዜው ይወጣል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ብዙ እናቶች የሚሳሳቱበት እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አብሮት የመጣው ወረቀት አሁን የታለበ ወተት «በክፍል ሙቀት 4 ሰዓት» ይቆያል ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፣ በሕክምናም የሚታወቅ ነው። ግን «የክፍል ሙቀት» የሚባለው እስከ 25 ዲግሪ ድረስ ነው፣ ወረቀቱም ይህን በደቃቁ ጽፎታል። ድሬ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ ከ35 ዲግሪ ታልፋለች። የእናት ወተት አሁን ሲታለብ ጀርም የሚዋጉ ሕያው ሴሎች ስላሉት ከላም ወተት የተሻለ ይቋቋማል፤ ሙቀቱ ወደ 38 ሲጠጋ ግን ባክቴሪያው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይራባል። ስለዚህ በእኔ ቤት ደንቡ አንድ ነው፦ ወተት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ከታለበ ወይ ልጁ ይጠጣዋል፣ ወይ ቦርሳው፣ ወይ ፍሪጁ ውስጥ ይገባል።

ሐረር ያለችው እህቴ ይህንኑ ቦርሳ ገዝታ ወረቀቱን እንዳለ ትከተላለች፣ ለእሷም ይሠራል። በመሀላችን ያለው መንገድ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ግን ደንገጎን ሽቅብ ወጥቶ ሐረር የደረሰ ሰው የአየሩን ልዩነት ያውቀዋል። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር አካባቢ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። እሷ ቤት 4 ሰዓቱ 4 ሰዓት ነው።

የቀሩት ቁጥሮች ድሬም ሐረርም አንድ ናቸው፤ ቅዝቃዜውን የሚሰጠው ማሽኑ ነውና። 4 ዲግሪ በሚይዝ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር እስከ 6 ወር ቢጠጣ ይመረጣል፣ 12 ወር መጨረሻው ነው። በደንብ በተጋገረ አይስ ፓክ በታጀበ ኩለር ውስጥ እስከ 24 ሰዓት ይባላል፤ እኔ ግን በዚህ አየር ያንን ያህል አልጠብቅም፣ ማታ ቤት ስገባ የመጀመሪያ ሥራዬ ወተቱን ወደ ፍሪጅ ማዛወር ነው። ይህ ሁሉ በሰዓቱ ለተወለደና ለጤነኛ ሕፃን ነው። ያለጊዜው የተወለደ ወይም የታመመ ልጅ ያላት እናት ከሐኪሟ የተለየ መመሪያ መቀበል አለባት፣ የእኔን ቁጥር እንዳትከተል።

ሥራ ቦታ 4 ሰዓት አካባቢና 8 ሰዓት አካባቢ አልባለሁ። ቦታው የሰነድ ማከማቻው ክፍል ነው፤ ቁልፉን ጓደኛዬ ትይዝልኛለች፣ አንድ ወንበርና የሚዘጋ በር አለው፣ ከዚህ በላይ አልጠየቅሁም። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ በእጅ የሚሠራውን ፓምፕ እጠቀማለሁ። ፓምፕ የሌላት በእጇ ማለብ ትችላለች፤ ጤና ጣቢያ ሲያሳዩ በደንብ ይለመዳል፣ የሚታጠብ ዕቃም ይቀንሳል። አራት ጠርሙስ መኖሩ የጠቀመኝ እዚህ ነው፦ የ8 ሰዓቱን ትኩስ ወተት በ4 ሰዓቱ ቀዝቃዛ ላይ አልገለብጠውም። ትኩሱ ቀዝቃዛውን ያሞቀዋል። በየራሳቸው ጠርሙስ ይገባሉ፤ መቀላቀል ካስፈለገ ማታ ሁለቱም ፍሪጅ ውስጥ እኩል ከቀዘቀዙ በኋላ ነው። ፓምፑን ከእያንዳንዱ ማለብ በኋላ ማጠብ ያስፈልጋል። ቢሮ ውስጥ በደንብ የሚታጠብበት ቦታ ስለሌለ ሁለተኛ ንጹሕ ስብስብ በንጹሕ ላስቲክ ይዤ እሄዳለሁ፤ ማታ ሁለቱንም አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ በንጹሕ ፎጣ ላይ አደርቃለሁ።

ባጃጅ ውስጥ ቦርሳውን እግሬ ሥር፣ ጥላው ጋ አስቀምጠዋለሁ። መኪና ያላችሁ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ትታችሁት እንዳትወርዱ።

ፍሪጅ ውስጥ ቦታው ከኋላ፣ መደርደሪያው ላይ ነው። በሩ ላይ አይደለም፤ ልጆች ውሃ ለመጠጣት በከፈቱ ቁጥር በሩ ላይ ያለው ይሞቃል። እያንዳንዱ ጠርሙስ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ቀኑንና ሰዓቱን በማርከር እጽፋለሁ፣ ቀድሞ የታለበው ቀድሞ ይጠጣል። መጠኑን ትንሽ ትንሽ ማድረግ ይጠቅማል፣ ከ60 እስከ 120 ሚሊ ሊትር። ልጅ አፉን ካስነካው የተረፈው በ2 ሰዓት ውስጥ ካልጠጣው ይደፋል። ተቀምጣ ያለበችውን ወተት መድፋት ለአንዲት እናት ምን ያህል እንደሚያም የሚያውቅ ያውቀዋል።

ፍሪዘር ለሚገባው ደግሞ ዚፕ ያላቸውን የወተት ላስቲኮች ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። በእነዚህ ብዙ አልረካሁም። መጀመሪያ የወሰድኳቸው ከሥር ያለው ስፌታቸው ደካማ ነው፤ ሲቀልጥ አንዱ ጥግ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። የቀየርኳቸው ወፈር ያሉና ድርብ ዚፕ ያላቸው ናቸው፣ እስካሁን አላስቸገሩኝም። ሦስት አራተኛ ብቻ ሞልቶ፣ አየሩን አስወጥቶ፣ በጀርባው አስተኝቶ ማጋገር ነው። ጠፍጣፋ ሲሆን ቦታ አይፈጅም፣ ሲቀልጥም ይፈጥናል። እኔ ላስቲኮቹን ዝርግ ሳህን ላይ አስተኝቼ፣ ሳህኑን በሌላ ንጹሕ ላስቲክ እሸፍነዋለሁ፤ ያን ጊዜ አንዷ ላስቲክ ብታፈስም ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሥጋ ላይ አትደርስም፣ ሥጋውም እሷ ጋ አይደርስም።

መብራትስ? ሲጠፋ የፍሪዘሩን በር ማንም እንዳይከፍት አዝዣለሁ። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት፣ ግማሽ ከሆነ 24 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። ፍሪጁ ግን 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ስለዚህ መብራት ከቆየ በፍሪጁ ያለው ወተት ወደ ቦርሳው ይዛወራል፣ አይስ ፓኮቹ ሁልጊዜ ፍሪዘር ውስጥ የተዘጋጁ ናቸው። ቀን ቤት ሳልኖር መብራት ሄዶ መምጣቱን የማውቅበት ዘዴ አለኝ። በትንሽ ኩባያ ውሃ አጋግሬ፣ ከላዩ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀምጬ ፍሪዘር ውስጥ ትቼዋለሁ። ሳንቲሟ ከላይ ካለች ፍሪዘሩ አልቀለጠም። ወደ ታች ሰጥማ ከተገኘች ግን ቀልጦ እንደገና ጋግሯል ማለት ነው፣ ያን ወተት ለልጄ አልሰጥም። መብራት ሲመጣ ቤት ካለሁና ወተቱ ውስጥ ገና የበረዶ ቅንጣት ካለ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀለጠም፣ ተመልሶ መጋገር ይችላል።

ቀን ልጄን የምትይዘው አማቴ ናት። መጀመሪያ ሰሞን ጠርሙሱን አንስታ ብርሃን ላይ አየችው። ከላይ ወፈር ያለ ቢጫ ቅባት፣ ከሥር ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ቀጭን ወተት፣ በመሀላቸው የተሰመረ የሚመስል መስመር።

«ልጄ፣ ይሄ ተለያይቷል። ተበላሽቶ እንዳይሆን?»

«አይ እማዬ፣ ቅባቱ ነው ላይ የወጣው። ቀስ አድርገው ያዙሩት፣ ይመለሳል።»

አዞረችው፣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ከእኔ የበለጠ የምትጠነቀቀው እሷ ናት። ከፍሪዘር የወጣ ወተት አንዳንዴ የሳሙና ሽታ ይኖረዋል፤ ወተቱ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ቅባቱን ሲሰባብረው ነው፣ ልጁ ከጠጣው ጉዳት የለውም። ኮምጠጥ ያለ፣ የረጋ ወተት ሽታ ከሸተተ ግን ይደፋል።

አንድ ጉዳይ ላይ ግን ረጅም ወሬ አወራን። «በዚህ ሙቀት ሕፃን ልጅ ውሃ ሳይቀምስ እንዴት ይውላል?» አለች። ጥያቄው የእሷ ብቻ አይደለም፣ ድሬ ውስጥ የማይጠይቅ አያት የለም። የእናት ወተት 88 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ስድስት ወር ያልሞላው ልጅ በሞቃት አገርም ቢሆን ሌላ ውሃ አያስፈልገውም፤ የሚሰጠው ውሃ ሆዱን ሞልቶ ወተቱን ያስተወዋል፣ ንጹሕ ካልሆነም ተቅማጥ ያመጣበታል። በጠማው ጊዜ ወተት ነው የሚጨመርለት። ነርሷ ራሷ ስትነግራት ተቀበለች።

አማቴ የምታጠጣው በጡጦ አይደለም፣ በትንሽ ስኒ ነው። ቦርሳው ውስጥ የጡጦ ጫፍም ነበር፣ አልተጠቀምንበትም። ስኒ ጥግ የለውም፣ በሳሙና ታጥቦ ይቀቀላል፣ ወተት የሚደበቅበት ቀዳዳ የለውም። ልጁን ቀና አድርጎ ይዞ ስኒውን ከንፈሩ ላይ ማስነካት ነው፤ ራሱ ይልሰዋል፣ አይንቆረቆርበትም። የበረደውን ወተት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጠርሙሱን አቁማ ታሞቀዋለች። ምድጃ ላይ አይጣድም፣ ማይክሮዌቭም አይገባም፤ አንዱን ቦታ አቃጥሎ አንዱን ይተወዋል፣ በወተቱ ውስጥ ያለውንም መከላከያ ይጎዳል። የተጋገረው ከማታ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ ይቀልጣል፣ ከቀለጠ በ24 ሰዓት ውስጥ ያልቃል፣ ተመልሶ አይጋገርም።

የቦርሳው ጉድለት ሦስት ነው። ዚፑ ጥግ ላይ ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፣ ጣት የምታሳልፍ ክፍተት ይተዋል፤ እኔ ትንሽ ፎጣ አጥፌ ከላይ እደፍንበታለሁ። ሌላው፣ አይስ ፓኩ ሲያልበው ውሃው በውስጠኛው ስፌት ይገባል። ማታ ማታ ካልደረቀ ይሸታል። በሳሙና አብሼ፣ ክፍቱን ጥላ ውስጥ ሰቅዬ አሳድረዋለሁ፣ የድሬ አየር ደግሞ ለማድረቅ ይረዳል። ማንጠልጠያውም አጠር ያለ ነው፣ ረጅም ሴት ትከሻዋ ላይ አይመቻትም።

ጠርሙሶቹን ግን አመሰግናለሁ። ከሥራቸው ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር አለ፤ የሚቀቀል ፕላስቲክ ነው ማለት ነው። ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩ። 7 ቁጥር ካለ ወይም ጭራሽ ቁጥር ከሌለ ተዉት፣ ሌላ ፈልጉ። ጠርሙሱን እዚያው ሱቁ ውስጥ በውሃ ሞልታችሁ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ ገልብጡት፤ ከእኔ አራት አንዱ ያንጠባጥብ ነበር፣ ባለሱቁ ወዲያው ቀየረልኝ። አይስ ፓኩንም ጨመቅ አድርጋችሁ ጄሉ የሚወጣበት ቀዳዳ እንደሌለው አረጋግጡ። ዚፑን ሦስት አራት ጊዜ ክፈቱት ዝጉት።

1,900 ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም። ከቆርቆሮ ወተት ጋር ሳስተያየው ግን ቶሎ ነው የከፈለኝ፣ ልጄም ስድስት ወሩን በእናቱ ወተት ጨርሷል። ቢሮዋ ፍሪጅ ያለው እናት ይህን ያህል ባታወጣም ትችላለች፤ ለመንገዱ ብቻ ማንኛውም የምግብ ኩለርና ሁለት የጋገረ ሃይላንድ ይበቃታል። እንደ እኔ ቀኑን ሙሉ ከቬንቲሌተር ሌላ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቢሮ የምትውለው ግን ትግዛው። ታይዋን የምትሄዱ ከሆነ በቀትር አትልፉ፣ ብዙዎቹ ሱቆች ሙቀቱ እስኪበርድ ይዘጋሉ፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ሂዱ።